ከአፍ የወጣ አፋፍ

 

በዚህ ወር ልናወያያችሁ የመረጥነው ጉዳይ ከቤታችሁ አይርቅም። ሀብታሙም ደሃውም፣ የተማረውም ያልተማረውም እኩል ይዞት የሚዞር፣ ለያዘው የማይከብደው፣ ያረፈበትን ግን የሚሰብር ነገር ነው። አባቶቻችን «ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል» ይሉታል። ስለ ቃል ነው የምናወራው፤ ሰውን ስለሚያድነውም ሰውን ስለሚጎዳውም ቃል።

ወደዚህ ርእስ ያመጣን የሌላ ሰው ጥፋት ቢሆን ኖሮ ብዕራችን በቀለለው ነበር። ነገር ግን ጥፋቱ የራሳችን ነው። ስለዚህ ምክር ብጤ ከመጻፋችን በፊት የበደልነውን እንናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንኖርበት በነበረው ሰፈር አንድ ባለሱቅ ነበር። ስኳር፣ ዘይት፣ ምስር፣ ሳሙና፣ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ቴምር ይሸጣል። ደመወዝ ላልደረሰለት ሰው በደብተሩ እየጻፈ በዱቤ ይሰጣል። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ ከጎናችን የነበሩ እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የዚያ ሰውዬ ሚዛን ልክ አይደለም አሉ» አሉን። ማን እንዳለ አልጠየቅናቸውም። ማንስ መዝኖ እንዳረጋገጠ አልጠየቅናቸውም። ማታ እራት ላይ ጨዋታ ሲጠፋ ወሬውን ለቤተሰባችን አቀረብነው። በማግስቱም ለአንድ ወዳጃችን ደገምንለት። ለሁለተኛ ጊዜ ስናወራው «አሉ» የምትለዋ ቃል ከአፋችን ወድቃ ቀርታ ነበር። «ሚዛኑ ልክ አይደለም» ብለን በሙሉ አፋችን ተናገርን።

ሁለት ወር ሳይሞላ የሱቁ ደጃፍ ጭር አለ። ሰዎች መንገድ እየተሻገሩ ከሌላ ሱቅ መግዛት ጀመሩ። በዱቤ የወሰዱት እንኳ ሒሳባቸውን ሳይዘጉ ቀሩ፤ «ለሌባ ምን ተብሎ ይከፈላል?» የሚል ሰበብ ተገኝቷላ! ሰውየው ነገሩ ጆሮው ሲደርስ የሰፈሩን ሽማግሌዎችና የመስጊዱን ኢማም ጠርቶ ሚዛኑን ከሌላ ሚዛን ጋር አስተያየ። ልክ ነበር። ግን ቤት ለቤት የዞረውን ወሬ ለማስተባበል ማን ቤት ለቤት ይዞራል? ልጁን መድረሳ ውስጥ «የሌባው ልጅ» ይሉት ነበር። በመጨረሻ ሱቁን ዘግቶ፣ ቤተሰቡን ይዞ ከሰፈሩ ወጣ። ወሬውን መጀመሪያ የዘራው የዱቤ ዕዳውን ክፈል የተባለ አንድ ሰው መሆኑን የሰማነው ከሄደ በኋላ ነው።

እኛ ዋሽተናል ወይ? «የሰማነውን ነው የተናገርነው» ብለን ራሳችንን ለማጽናናት ሞክረን ነበር። ነገር ግን ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሰው የሰማውን ሁሉ ማውራቱ ብቻውን ከውሸታም ለመቆጠር እንደሚበቃው አስተምረዋል። እንግዲህ ማምለጫ የለንም።

በመዲና የተወራው ወሬ

ውድ አንባቢያን! ወሬ የሰውን ቤት እንዴት እንደሚያፈርስ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከሁሉ የተከበረው ቤት፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት፣ በዚሁ ተፈትኗል።

ከበኒ አል-ሙስጦሊቅ ዘመቻ ሲመለሱ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከጉዞው ጋር ነበሩ። ሠራዊቱ መዲና አቅራቢያ ካረፈበት ቦታ በሌሊት ሲነሳ እሳቸው ለጉዳያቸው ወጣ ብለው ነበር። ሲመለሱ የአንገት ሐብላቸው ተበጥሶ መውደቁን አዩና ሊፈልጉት ሄዱ። ግመሉን የሚጭኑት ሰዎች እሳቸው ውስጥ ያሉ መስሏቸው መቀመጫውን አንስተው ጫኑት፤ በዚያ ዕድሜያቸው ክብደታቸው ቀላል ስለነበር አለመኖራቸውን አላወቁም። ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነው። እዚያው ቁጭ ብለው ጠበቁ፤ እንቅልፍም ወሰዳቸው። ከሠራዊቱ ኋላ የቀረው ሶፍዋን ኢብኑ አል-ሙዐጦል (ረ.ዐ) ደርሶ አያቸው። ግመሉን አንበርክኮ አስቀመጣቸው፤ እሱ በእግሩ እየመራ ሠራዊቱ እኩለ ቀን ላይ ካረፈበት አደረሳቸው። የሆነው ይኸው ብቻ ነው።

የተወራው ግን ሌላ ነው። የሙናፊቆች አለቃ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡበይ ነገሩን አንስቶ አራባው። እዚህ ላይ ልብ እንበል! ወሬውን ያነሳው ሙናፊቅ ይሁን እንጂ ካወሩት መካከል ግን አማኞችም ነበሩበት። ሚስጠሕ ኢብኑ ኡሣሣ በበድር የተዋጋ ሰው ነው። ሐሳን ኢብኑ ሣቢት በግጥሙ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲከላከል የኖረ ሰው ነው። ሐምና ቢንት ጀሕሽም ከአማኝ ሴቶች ናት። ክፉ ወሬን የሚፈበርከው ክፉ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ተሸካሚዎቹ ግን ብዙውን ጊዜ እንደኛ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ዓኢሻ (ረ.ዐ) መዲና እንደገቡ ለአንድ ወር ያህል ታመው ተኙ። ከተማው ሁሉ የሚያወራውን እሳቸው ብቻ አልሰሙም። አንድ ሌሊት ከሚስጠሕ እናት ጋር ወጥተው ሳለ ሴትየዋ በልብሷ ተጠልፋ ስትሰናከል የገዛ ልጇን ረገመች። ዓኢሻም በበድር የተዋጋን ሰው እንዴት ትራገሚያለሽ ብለው ገሠጿት። ስማቸውን ለሚያጠፋው ሰው ሳያውቁ ተከራከሩለት! ያን ጊዜ ነው ሴትየዋ የሆነውን የነገረቻቸው። ሕመማቸው ባሰ። ወደ ወላጆቻቸው ቤት ሄደው ሌሊቱንም ቀኑንም አለቀሱ።

በዚህ መካከል ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት አንድ ትንሽ ነገር አለ። አንዲት የአንሷር ሴት አስፈቅዳ ገባች፤ አጠገባቸው ተቀምጣም አብራቸው አለቀሰች። የተናገረችው ነገር አልተዘገበም። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ግን ታሪኩን ሲያወሩ እሷን አልረሷትም። ብዙዎቻችን የተጎዳ ሰው ቤት ስንሄድ የምንለው ይጠፋናል። የምንለው ከጠፋን ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥም እኮ አለ።

በኋላም አላህ (ሱ.ወ) ንጽሕናቸውን የሚያውጅ ወሕይ አወረደ። በሱረቱ አን-ኑር ከ11ኛው አንቀጽ ጀምሮ ያለው ነው። እዚያ ውስጥ አማኞች የተወቀሱት ወሬውን በመፈብረካቸው ብቻ አይደለም፤ ሲሰሙት ስለ ወንድምና እህታቸው በጎ ባለመጠርጠራቸው፣ በምላሳቸው በመቀባበላቸው፣ ነገሩንም ቀላል አድርገው በማየታቸው ጭምር ነው። በዚያው ሱራ 4ኛ አንቀጽ ላይ ጥብቅ ሴትን በዝሙት ወንጅሎ አራት ምስክር ያላመጣ ሰው 80 ጅራፍ እንዲገረፍና ምስክርነቱም እንዳይቀበሉት ተደንግጓል። የአንዲት ሴት ክብር በአላህ ዘንድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን።

በዚያ ወር ሁሉም አልተሳሳቱም። የነቢዩ ባለቤት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ስለ ዓኢሻ ተጠይቀው ጆሮዬንና ዓይኔን እጠብቃለሁ፣ ከመልካም በቀር አላውቅባትም የሚል መልስ ሰጡ። ጣውንት ናቸው! እህታቸው ሐምና የእሳቸውን ቦታ ያስጠበቀች መስሏት ስታወራ እሳቸው ግን ምላሳቸውን ያዙ። የሲራ ጸሐፊዎች ደግሞ ስለ አቡ አዩብ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ) ይነግሩናል። ባለቤታቸው ወሬውን ስታነሳላቸው አንቺ ብትሆኚ ይህን ታደርጊው ነበር ወይ ብለው ጠየቋት። በፍጹም አለች። እንግዲያውስ ዓኢሻ ካንቺ ትበልጣለች አሉ። ወሬው በዚያ ቤት ደጃፍ ላይ ሞተ። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ አለቀ! እኛ ያን ዕለት በእራት ገበታችን ላይ ያጣነው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

በዘመናችን የሆነው

አንዳንድ አንባቢ «ወሬ ስም ያጠፋል እንጂ ነፍስ አያጠፋም» ይል ይሆናል። በእኛው አህጉር የሆነውን እናስታውስ።

በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1993 በሐምሌ ወር አንድ የራዲዮ ጣቢያ ሥርጭቱን ጀመረ። ዘፈኑ ደስ ይላል፣ አቅራቢዎቹ ይቀልዳሉ፣ ወጣቱ ወደደው። በቀልዱ መካከል ግን ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ ይጠራ ነበር። በረሮ ደግሞ ምን እንደሚደረግ እያንዳንዱ ቤት ያውቃል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 1994 የፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን ተመትቶ ሲወድቅ ግድያው ተጀመረ። ጣቢያውም የሚፈለጉ ሰዎችን ስምና የተሸሸጉበትን ቦታ እየጠራ ያሰማ ጀመር። በ100 ቀናት ገደማ ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት ግምት እንደሚለው 800,000 ያህል ሰዎች አለቁ፤ የሩዋንዳ መንግሥት ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው ይላል። ገዳዮቹ ብዙውን ጊዜ ጎረቤቶች ነበሩ።

ለዚህ ጉዳይ በአሩሻ፣ ታንዛኒያ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ከጣቢያው መሥራቾች ሁለቱንና አንድ የጋዜጣ አዘጋጅን ጥፋተኞች አላቸው። በይግባኝ አንዳንዱ ክስ ተሰርዞ ቅጣታቸው ቢቀነስም ሦስቱም ከ30 ዓመት ያላነሰ እስራት ተፈርዶባቸዋል። የቃል ሰዎች ነበሩ፤ የተጠየቁትም በዋናነት በቃላቸው ነው።

ያ ሕዝብ ከሌላው የከፋ ሆኖ አልተፈጠረም። ነገሩ የተጀመረው በስም ማውጣት ነው። ሰውን ሰው ብለው መጥራት ሲያቆሙ ቀሪው ቀለለ። በሱረቱ አል-ሑጁራት 11ኛ አንቀጽ አንዱ ሕዝብ በሌላው እንዳይሳለቅ፣ በመጥፎ ቅጽል ስሞችም እንዳንጠራራ የታዘዝነው በከንቱ አይደለም። ታዲያ እኛስ ቤታችን ውስጥ፣ ልጆቻችን እየሰሙ፣ የሌላውን ብሔር ሰው፣ የሌላውን ሃይማኖት ተከታይ፣ የሠራተኛችንን አገር ምን ብለን ነው የምንጠራው? በቡና መካከል የምንወረውረው ቀልድ ልጃችን ልብ ውስጥ ምን ሆኖ ይበቅላል? ዛሬ ደግሞ እያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ስልክ አለ። የሰማነውን በአንድ ጣት ለመቶ ሰው እናደርሰዋለን። ከማድረሳችን በፊት «እውነት ነው ወይ?» ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን?

በሐበሻ ንጉሥ ፊት

እስካሁን የሚጎዳውን ቃል አየን። የሚያድነውስ? ለዚህ ምስክሩ በገዛ አገራችን አለ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እ.ኤ.አ. በ615 ተከታዮቻቸው በመካ የሚደርስባቸውን ስቃይ አይተው ወደ ሐበሻ እንዲሰደዱ ፈቀዱ። በሁለተኛው ስደት የመጡት ወንዶች ብቻ ከ80 በላይ ነበሩ። ቁረይሾች ይህ አላስተኛቸውም። አንደበተ ርቱዑን ዐምር ኢብኑ አል-ዓስንና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ምርጥ ቆዳ ስጦታ አስይዘው ላኳቸው። መልእክተኞቹ መጀመሪያ ለባለሟሎቹ ስጦታ አከፋፈሉ፤ ከዚያ ለንጉሡ ስጦታውን አቅርበው እነዚህ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት ትተው ያንተንም ያልያዙ ተላሎች ናቸውና መልስልን አሉ። ባለሟሎቹም እውነታቸውን ነው ብለው ደገፏቸው።

አንድ ቃል ቢወጣ እነዚያ ሁሉ ቤተሰቦች ታስረው ይመለሳሉ። ነጃሺ ግን አገሬን መርጠው የተጠጉኝን ሰዎች ጠርቼ ሳልጠይቅ አሳልፌ አልሰጥም አለ። ወገኖቻችን ሆይ! የዚህን ንጉሥ ፍትሕ ስንዘክር ይህችን ነገር አንርሳት። ፍትሑ የጀመረው የሌላኛውን ወገን ቃል ልስማ ከማለቱ ነው።

ስደተኞቹን ወክሎ የተናገረው ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ነበር። አልተሳደበም፣ አልለማመጠምም። ቀድሞ የነበሩበትን ሳይሸሽግ ተናገረ፤ ጣዖት እናመልክ ነበር፣ ዝምድና እንቆርጥ ነበር፣ ጎረቤት እንበድል ነበር፣ ኃይለኛው ደካማውን ይበላ ነበር አለ። ከዚያም የተላከላቸው ነቢይ ያዘዛቸውን ዘረዘረ፤ እውነት መናገርን፣ አደራ መመለስን፣ ዝምድና መቀጠልን፣ ጎረቤትን ማክበርን። ከከለከላቸውም ነገሮች መካከል የሐሰት ንግግርንና የጥብቅ ሴቶችን ስም ማጥፋትን ጠቀሰ። ንጉሡ ከወረደላችሁ አሰማኝ ሲለው ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ ቀራለት። ንጉሡ ጢሙ እስኪርስ አለቀሰ።

በማግስቱ ዐምር ተመልሶ ስለ ዒሳ ከባድ ነገር ይናገራሉ ሲል ከሰሳቸው። ስደተኞቹ ተመካከሩ። ንጉሡን ደስ የሚያሰኝ ነገር ብቻ ማለት ይችሉ ነበር። እነሱ ግን አላህ ያለውን እንናገራለን፣ የመጣው ይምጣ ብለው ወሰኑ፤ ጀዕፈርም እንዲሁ ተናገረ። ንጉሡ ስጦታውን ለመልእክተኞቹ አስመለሰ፤ ስደተኞቹም በምድሩ በሰላም ኖሩ። ይህን ሁሉ ያወሩልን ከስደተኞቹ መካከል የነበሩት፣ በኋላም የነቢዩ ባለቤት የሆኑት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው።

እንግዲህ ሁለት አንደበተኞች በአንድ ችሎት ቆሙ። አንዱ ስጦታ አስቀድሞ የሌላውን ስም ይዞ መጣ፤ ሌላው የራሱን ጥፋት አስቀድሞ እውነትን ይዞ መጣ። ዐምርም ቢሆን እዚያው አልቀረም፤ በኋላ ሰልሞ ከታላላቅ ሶሐቦች አንዱ ሆኗል። ትናንት በምላሱ የበደለ ሰው ነገ ሊመለስ እንደሚችል ለእኛም ተስፋ ነው።

ወደ ቤታችን እንግባ

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። በእስልምና አንድ ቤት የሚቆመው በቃል ነው፤ ሰጥቻለሁ፣ ተቀብያለሁ በሚል ቃል ኒካሕ ይታሰራል። በቃልም ይፈርሳል። ቲርሚዚና አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ቁም ነገራቸውም ቀልዳቸውም ቁም ነገር የሆኑ ሦስት ነገሮች ተጠቅሰዋል፦ ኒካሕ፣ ፍቺና የፈቱትን ሚስት መመለስ ናቸው። ይሁንና ወጥ አረረ ብሎ፣ እህቴን ቀና ብለሽ አየሽ ብሎ «ፈትቼሻለሁ» የሚል ባል ጥቂት አይደለም። ከዚያ ማግስቱን «ቀልዴን ነው፣ ተናድጄ ነው» እያለ ከዑለማ በር ይመላለሳል። ወንድማችን ሆይ! ንዴትህ ሰዓት አይሞላውም። ቃሉ ግን ልጆችህን ይዞ ይሄዳል። ሲያናድድህ ተነስተህ ዉዱእ አድርግ፣ ከቤት ወጥተህ ተመለስ፤ ያችን ቃል ግን ለጠብ ማድመቂያ አታድርጋት።

እህቶቻችንም አንድ ነገር እንበላችሁ። የባልን ድክመት ለጎረቤትና ለእህት ማውራት «ተንፈስ ማለት» ይመስላል። ምክር ለመጠየቅ፣ ከበደል ለመዳን ለሚረዳ ሰው መናገር መብታችሁ ነው፤ ዑለማዎችም ይህንን ከሀሜት አልቆጠሩትም። ነገር ግን ለጨዋታ ሲሆን፣ እናንተ ታርቃችሁ ስትስቁ ሰሚዎቹ ግን በባላችሁ ላይ የሰሙትን ይዘው ይቀራሉ።

ልጆቻችንስ? አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ገና ልጅ ሳሉ ጀምረው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ለ10 ዓመታት አገልግለዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ነቢዩ አንድ ጊዜ እንኳ ኡፍ እንዳላሏቸው፣ ላደረጉት ነገር ለምን አደረግህ፣ ላላደረጉትም ለምን አላደረግህም እንዳላሏቸው ተናግረዋል። 10 ዓመት! እኛ ልጃችን ብርጭቆ ሲሰብር በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ስም እናወጣለታለን? «ደደብ»፣ «የማትረባ»፣ «እንዳባትህ ከንቱ»! ልጅ እናቱና አባቱ የሚሉትን ያምናል። ማንነቱን የሚያውቀው ከአፋችን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ «አይገባህም» የተባለ ልጅ በአራተኛው ዓመት መሞከር ቢያቆም ማንን እንወቅሳለን?

የአገራችን እናቶችና አባቶች ይህንን ያውቁ ነበር። ልጅ ውኃ አቀብሎ እንኳ አይመለስም፤ «እደግ፣ ተመንደግ፣ አላህ ይባርክህ» ተብሎ ይመረቃል። የወሎ ሽማግሌ ዱዓ ሲያደርግ፣ ተሰብሳቢው እጁን ዘርግቶ «አሚን» ሲል፣ በመካከል የቆመው ጎረምሳ ደረቱ ይነፋል። ለሥራ የሚወጣ፣ ለፈተና የሚሄድ፣ ወደ ዐረብ አገር የምትሰደድ ልጅ ሳትመረቅ ከደጅ አትወጣም። ስንቶቻችን ነን ዛሬ ጠዋት ልጆቻችንን «ቶሎ በል!» ብለን ብቻ የሸኘናቸው?

ምን እናድርግ?

ብዙ ዘርዝረን አናሰለቻችሁም። ወሬ ሲመጣብን የአቡ አዩብን ጥያቄ እንጠይቅ፤ እኔ ብሆን አደርገው ነበር ወይ? ከዚያ «ማን አየ?» እንበል። ያየ ከሌለ ወሬው እኛ ጋ ይቁም። ነገሩ እውነት ቢሆንስ? ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወንድምህን በሚጠላው ነገር ማንሳትህ ሀሜት መሆኑን፣ የተባለው በእሱ ላይ ከሌለ ደግሞ ቅጥፈት መሆኑን ለይተው አስረድተዋል። ስለዚህ «እውነት እኮ ነው!» የሚለው ምክንያት ከሀሜት አያወጣንም።

የተጣላን ሰው ለማስታረቅ ግን ምላሳችን ይፈታ። ባልና ሚስት ሲኳረፉ አንዱ ስለ ሌላው የተናገረውን ደግ ቃል ፈልገን እናድርስ፤ ክፉውን እንዋጠው።

ስማችንን ላጠፉትም ልባችን አይቆለፍ። አቡበክር (ረ.ዐ) ዘመዳቸው ሚስጠሕ ድሃ ስለነበር ይረዱት ነበር። ልጃቸውን ባማ ጊዜ ዳግመኛ አልረዳውም ብለው ማሉ። በሱረቱ አን-ኑር 22ኛ አንቀጽ ይቅር በሉ፣ አላህ ለእናንተ እንዲምራችሁ አትወዱምን የሚል መልእክት ሲወርድ፣ አዎን እንወዳለን ብለው እርዳታውን መለሱለት። የአባት አንጀት ለያዘ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ያጠፋ ሰው ደግሞ ተውበቱ በጓዳ ብቻ አያልቅም። በአደባባይ ያጠፋነውን ስም በአደባባይ ማንሳት አለብን። ለማን እንዳወራን እናስታውስ፤ ሄደንም «ተሳስቼ ነበር» እንበል።

አውፍ ለማለት ስንሄድ

እኛም ይህንኑ ለማድረግ ሞከርን። መጀመሪያ ወሬውን ወደ ነገርነው ወዳጃችን ሄደን «ያ ያልኩህ ነገር ሐሰት ነው» አልነው። «የቱ? እኔማ ረስቼዋለሁ» አለን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ማለት ይኸው ነው።

ባለሱቁን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ፈጀብን። ከከተማው ሌላ ዳርቻ፣ በሌላ ሰው ሱቅ ተቀጥሮ ሲሠራ አገኘነው። ማታ ቤቱ ይዞን ሄደ። የሰማነውን፣ ያወራነውን፣ ለማን እንዳወራነው አንድ በአንድ ነገርነው። ብዙ ዝም አለ። «እናንተም ነበራችሁበት?» አለ። ከሌሎቹ ይልቅ የእኛ ያሳዘነው ይመስል ነበር፤ በዱቤ ደብተሩ ላይ ስማችን ከነበሩት አንዱ ነንና። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «ለአላህ ብዬ አውፍ ብያለሁ» አለን።

በዚህ ጊዜ ልጁ ሻይ ይዞ ገባ። ያ በመድረሳ የሌባው ልጅ ይሉት የነበረው ልጅ አሁን ጎረምሳ ሆኗል። አባቱ ለምን እንደመጣን ነገረው። ልጁ ሻዩን ከፊታችን አስቀመጠ፤ ምንም ሳይናገር ወጣ፤ ተመልሶም አልገባም። የአባትየውን አውፍ ይዘን ተመለስን። የልጁን ግን እስከ ዛሬ አላገኘንም። ዳግመኛ እንሄዳለን፤ ኢንሻ አላህ።

ውድ አንባቢያን! እናንተም ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ምናልባት የአንድ ሰው ፊት ትዝ ይላችሁ ይሆናል። ካስታወሳችሁት አታዘግዩት። ሰውየውም እናንተም በሕይወት እያላችሁ ሂዱ።

አላህ (ሱ.ወ) ምላሳችንን ከሐሰት፣ ጆሯችንን ከሀሜት፣ ቤታችንን ከክፉ ቃል ይጠብቅልን! በአንደበታችን የበደልናቸውን ሰዎች ልብ ያራራልን! አሚን።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።